የኮሶው አልጋ

«ለወንድሜ ንገሪው» አለች አመተ ሥላሴ፤ «ይህ የተቀመጥሁበት የናቴ ዛፍ ነው።»

ወንድሟ አዝመራው ከእሷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ የተቀመጠችበትን አዲስ አልጋ ራስጌ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ነበር። እንድትነግረው የታዘዘችው ሚስቱ ሰርካለም ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ሽንኩርት ትልጣለች። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ባሏን አየችው። መስማቱን ከፊቱ አወቀች። ቢሆንም መልእክት መልእክት ነውና «የእማማ ዛፍ ነው ይላሉ» አለችው። አዝመራው ወረቀቱን ገልብጦ አጠፈና «አውቃለሁ በያት» አለ። ሰርካለም ፊቷን ወደ አልጋው አዙራ «አውቃለሁ ይላል» አለች። አመተ ሥላሴ ራሷን ነቀነቀች፤ ነጠላዋን በትልቁ ሆዷ ላይ ሰበሰበች። ሰርካለምም ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ጥር ነው፤ ቅዳሜ። ገበያው ገና አልደራም።

አመተ ሥላሴ ከሙጃ በማለዳው ሚኒባስ ነበር የመጣችው። አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባሏ አረጋ ስንት ስለት ተስሎ፣ እሷም ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግሯ ሄዳ ጸበል ጠጥታ፣ ሁለቱም ስለ ልጅ ማውራት ከተዉ በኋላ ነበር ሆዷ የገፋው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ዳብሳ ዳብሳ ልጁ አግድም መተኛቱን ነገረቻት። «ምጥ እስኪመጣ እዚህ አትጠብቂ፤ እንዲህ የተኛ ልጅ ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም። ላሊበላ ዘመድ አለሽ?» አለቻት። አመተ ሥላሴ ጥቂት አሰበችና «ወንድም አለኝ አልልም፤ የለኝምም አልልም» ብላ መለሰች። አዋላጇ አለኝ እንዳለች ቆጠረችው። አረጋ ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮበት ነበርና እህሉን አስገብቶ ሊከተላት ቃል ገባ፤ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጦ ሸኛት።

ወንድምና እህት እናታቸው ከሞቱበት ዓመት ወዲህ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። ተጣሉ እንዳይባል አልተጣሉም፤ ቢጣሉማ ሽማግሌ ያስታርቃቸው ነበር። በእናታቸው ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ኮሶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ንፋስ ጣለው። አመተ ሥላሴ ለእናቷ ተዝካር ጌሾ ልትገዛ ገበያ ውላ ስትመለስ ዛፉ የለም። አዝመራው ከላሊበላ አይሱዙ ተከራይቶ፣ ጣውላ ሰንጣቂዎች ይዞ መጥቶ፣ ግንዱን ቆራርጦ ጭኖ ሄዷል። ለእሷ የተረፋት ጉድጓዱና በጉድጓዱ ዙሪያ የፈሰሰው ቀይ ሰጋቱራ ነው። ቅርንጫፎቹን ለማገዶ ትቶላታል፤ ይህን እሱ እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጥሮት ነበር። በተዝካሩ ዕለት ጠላውን በሌላ ሰው እጅ ላከችለት፤ ከዚያ ወዲህ ቃሏንም በሌላ ሰው አፍ ትልካለች። በሠርግም በለቅሶም ይገናኛሉ፤ ሁልጊዜ መሐላቸው አንድ ሰው ይቀመጣል። አዝመራው መልስ አዘጋጅቶ ነበር። የወደቀ ዛፍ ይበሰብሳል፣ እኔ ባላነሣው ምስጥ ይበላው ነበር የሚል መልስ ነው። የጠየቀው ሰው ግን የለም።

በዚያ ኮሶ ነው የራሱን ሥራ የጀመረው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከመኖሪያቸው የተከፈለ ነው፤ ወይም መኖሪያቸው ከሥራ ቤቱ የተከፈለ ነው፤ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። አንድ የጭቃ ቤት መሐሉ ላይ መጋረጃ ተጋርዶበት፣ ከወዲያ የባልና ሚስቱ አልጋና ምድጃ፣ ከወዲህ መጋዝና መላጊያ አለ። አዝመራው በዚህች ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚውል ቦታ እንዳይኖር ሲለፋ ነው የኖረው። የሥራ ጠረጴዛው በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲመሽ ወደ ላይ ተነሥቶ ይቆለፋል፤ ሥሩም እንግዳ መቀበያ ይሆናል። መሮዎቹ በአሮጌ የጎማ ቁራጭ ላይ ተሰክተው ከበሩ ጀርባ ይንጠለጠላሉ፤ በሩ በኃይል ሲዘጋ ሁሉም አብረው ይጮኻሉ። ጣውላው ከጣሪያው ሥር ተጋድሟል። የሰርካለም የበርበሬ ጣሳ ከኮላው ጣሳ ጎን ተደርድሯል፤ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳቱት። ወደ መንገዱ የሚያየው ግድግዳ ጭቃ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ቁም ሳጥን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በበሩ አልወጣ ብሎ ተፈታ፤ ከዚያ ወዲህ አዝመራው ያንን ግድግዳ አፍርሶ ተራ በተራ ከቦይ እየተመዘዘ በሚወጣ ጣውላ ሠራው። ጎረቤት ሲስቅ ከርሞ ነበር። ሰርካለም አልሳቀችም፤ በዚያ በኩል ብርድ የሚገባባት እሷ ናት። ለትንንሽ ሆቴሎች ወንበር፣ ለካህናት መቋሚያ፣ ወልድያ ለሚማሩ ልጆች ሳጥን ይሠራል። የገዛ ልጃቸው ንጋትም እንዲህ ያለ ሳጥን ይዛ ወልድያ ሄዳ እዚያው ትማራለች። ስትሄድ ሁለቱም አለቀሱ፤ በሳምንቱ የተኛችበት ቦታ ላይ የባሕር ዛፍ አጠና ተደረደረበት።

አልጋ ግን ከሚሠራው ሁሉ ትልቁ ነው። አልጋ ቆሞ በሚውልበት ቀን ሌላ ነገር አይቆምም። ይህኛውን ያዘዙት በገበያው ጋቢና ብርድ ልብስ የሚነግዱት ጋሼ ደባሱ ናቸው። ልጃቸው በማግሥቱ እሑድ ለአንድ ዲያቆን ትዳራለች። ደባሱ ከደሴ የሚመጣው የብረት አልጋ እንደሚረክስ ያውቃሉ፤ ዋጋውን ሳይጠይቁ የሚያድሩበት ቀን የለም። ነገር ግን የዲያቆኑ አባት ቄስ ናቸው፣ አያቱም ቄስ ነበሩ፤ እንዲህ ላለ ቤት የሚላክ አልጋ የእንጨት መሆን አለበት ብለው ወሰኑ። አዝመራው ለዚህ ብሎ ከጣሪያው ሥር የቀረውን የመጨረሻውን የኮሶ ጣውላ አወረደ። ያለ ምስማር፣ በመሰክያና በሽብልቅ ብቻ ገጣጠመው። ቫርኒሽ ሲቀባ እንጨቱ እንደ ጥሩ ጠጅ ቀላ። ሰርካለም ከመጋረጃው ወጥታ አየችውና «ለኛም እንዲህ ብትሠራ» አለች። «የት እናደርገዋለን?» አላት። ንግግሩ በዚያው አለቀ።

አመተ ሥላሴ ማለዳ ስትገባ ሰርካለም ተቀብላ ወደ ራሳቸው አልጋ መርታት ነበር። እሷ ግን በአዲሱ አልጋ አጠገብ ስታልፍ ቆመች፤ እጇን የጎኑ ጣውላ ላይ አሳረፈች፤ ሳታነሣው ቁጭ አለች። ሰርካለም «እትዬ፣ ይሄ የሰው ነው፤ እዚያ ይሻላል» ብትላት «ይበቃኛል» አለች። ርብራቡ ፍራሽ ስላልነበረው ሰርካለም ብርድ ልብስ አጥፋ አነጠፈችላት። ከዚያ ወዲያ አመተ ሥላሴ የቤቱን ዕቃ በዓይኗ መቁጠር ጀመረች። የሥራውን ጠረጴዛ አየች፤ «ይሄም» አለች። የበሩን መወርወሪያ አየች፤ «ይሄም»። የበርበሬው ጣሳ የተቀመጠበትን መደርደሪያ ብዙ አየችውና «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው» አለች። ልክ ነበረች። አዝመራው ደባሱ ከእኩለ ቀን በፊት ሰው ይዘው እንደሚመጡ ያውቃል፤ እህቱን ተነሺ ለማለት ደግሞ ወይ ሰርካለም ነፃ መሆን አለባት፣ ወይ እሱ ራሱ መናገር አለበት። ስለዚህ ያለቀለትን ራስጌ ማሸቱን ቀጠለ።

ሰርካለም ሽሮ ሠርታ አቀረበች። አመተ ሥላሴ አንድ ጉርሻ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች። «የሽንኩርት ዋጋ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ?» አለቻት ሰርካለም፤ ዝምታው ሲረዝምባት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። «እናንተ ዘንድ እንዳለው ነው» አለች አመተ ሥላሴ። «እዚህስ አሁን በግማሽ ኪሎ ነው የምንገዛው» አለች ሰርካለም። አመተ ሥላሴ ዓይኗን ጨፍና ራስጌውን በአንድ እጇ ጨበጠችው፤ ጥቂት ቆይታ ለቀቀችው። እንዲህ ስታደርግ አዝመራው ሦስት አራት ጊዜ አይቷታል። እንጨቱን እየፈተሸች መስሎት ነበር። እንዲያውም በልቡ ደስ ብሎታል፤ መሰክያው እንደማይነቃነቅ ያውቃልና እስኪ ትፈትሽ አለ።

ደባሱ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ አራት ጎረምሶች አስከትለው መጡ። ጎረምሶቹ የሠርጉ አሳላፊዎች ናቸው፤ ለሥራው ማስጀመሪያ ጠላ ቢጤ እንደቀመሱ ያስታውቃል። ደባሱ ከደጃፉ ላይ ሆነው አልጋውን አዩት፣ ፊታቸው በራ፤ ከዚያ በአልጋው ላይ ያለችውን አዩ።

«ሰው አለበት» አሉ።

«እህቴ ናት፣ ጋሼ ደባሱ። ከሙጃ መጥታ ነው። አሁን ትነሣለች» አለ አዝመራው፤ ይህንንም ሲል የሚያየው ሰርካለምን ነበር። ሰርካለም እህቱን አየቻት። አመተ ሥላሴ ግድግዳውን አየች። ደባሱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ትንሽ ጎንበስ አሉ። ሰው አክባሪ ናቸው፤ ብርድ ልብስ የሚሸጡትም ገዢውን በመለማመጥ ነው። «እመቤቴ፣ አልጋው የሙሽራ ነው። አማቾቼ እየጠበቁ ነው። እባክሽ፣ እኛን አትይን፣ ቀስ ብለሽ…» አሏት። አመተ ሥላሴ ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ለወንድሜ ይንገሩልኝ» አለቻቸው፤ «መነሣት አልቻልሁም።»

ደባሱ ቀና ብለው ከፊታቸው የቆመውን አዝመራውን አዩት። «መነሣት አልቻልሁም ትልሃለች» አሉት።

ያን ጊዜ የሽርት ውኃዋ በርብራቡ መሐል እየፈሰሰ ሰጋቱራው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሰርካለም ናት መጀመሪያ የሰማችው። ማንኪያውን ጣለችና መጋረጃውን ጥሳ መጣች። አመተ ሥላሴን ከሌሊት ጀምሮ ሲያማት አድሯል፤ ለባሏም፣ ለሾፌሩም፣ ለማንም አልተናገረችም። ሰርካለም «ለምን አልነገሩኝም እትዬ፣ ለምን?» ስትል አመተ ሥላሴ የመለሰችላት «ማርያም» ብቻ ነው። አዝመራው ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ ነበር። የት እንደሚያስቀምጠው አጣና ኪሱ ከተተው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አምቡላንሱ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ሌላ ወላድ ሊያመጣ መሄዱን ነገሩት። ከጎረምሶቹ አንዱ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠና ብቻውን ተመለሰ። መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር ባጃጅ ከገበያው ወዲህ አይገባም። እሷ ደግሞ እንድትራመድ አይሆንም። አዋላጇ ውኃሽ ከፈሰሰ ባለሽበት ተኚ፣ ሰው ይሸከምሽ ብላታለች፤ አመተ ሥላሴ ይህንን አሁን ነው የተናገረችው፣ ለሰርካለም።

ደባሱ ጎረምሶቹን አዩ፤ አልጋውን አዩ፤ ጎረምሶቹን አዩ። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልትሸከሙ አይደል የመጣችሁት?»

አዝመራው ግድግዳውን ነቀለው። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ከቦያቸው መዝዞ ወደ መንገዱ ሲጥል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ የሳቀበትም አልነበረም። ጎረምሶቹ አልጋውን ከነሴትዮዋ አነሡት፤ ከወገብ ወደ ትከሻ ሲያወጡት አመተ ሥላሴ ራስጌውን በሁለት እጇ ያዘች። ሰርካለም አዲሱን ጋቢዋን አልብሳት ከጎኗ ሮጠች። ደባሱ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከላይዋ ያዙላት፤ ፀሐዩ የጥር ቢሆንም በዚያ ሰዓት ያቃጥላል።

ገበያው ደርቶ ነበር። ከሩቅ የሚያይ ሰው ቀይ አልጋ በትከሻ፣ በላዩ ነጭ የለበሰች ሴት፣ ከበላይዋም ጃንጥላ ስለሚያይ፣ ነገሩን እንደየልቡ ተረጎመው። ጤፍ የሚሸምቱ ሴቶች ሙሽራ መስላቸው እልል አሉ። ፍየል የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። አንዲት አሮጊት እየተከተለች «ማን ናት የሞተችው? ማን ናት?» ትላለች። ደባሱ «ማንም አልሞተም፤ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ጮኸው ሲያበቁ ደግሞ ለገበያ ደንበኞቻቸው ሰላምታ ይሰጣሉ። በመጨረሻ አመተ ሥላሴ እንደ ጉድ ስትጮኽ ሁሉም ተረዳው። «በሽልም ያውጣሽ!» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሣ፤ ሰው ፍየሉንና ቅርጫቱን እየጎተተ መንገድ ከፈተ። ከገበያው በታች መንገዱ ቁልቁል ነው። ከፊት ካሉት ጎረምሶች አንዱ ኮረት አዳልጦት ተንበረከከ፤ አልጋው አዘነበለ። አዝመራው ያንን የአልጋ እግር በትከሻው ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሰጠም። ጆሮው ከአልጋው ጎን ተጣብቋል። በሕይወቱ የሠራውን ዕቃ ሁሉ እንዲህ ቀርቦ አዳምጦ አያውቅም፤ መሰክያው ሲንቋቋ እሰማለሁ ብሎ እየፈራ ወረደ። የሰማው የእህቱን ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሿ በየመሐሉ ይቆማል፤ ሲቆም እሱም አብሮት ይቆማል፤ ሲቀጥል ደግሞ ይራመዳል።

ሆስፒታሉ ግቢ ሲደርሱ ነርሶች በተሽከርካሪ አልጋ ተቀብለው ወሰዷት። ሰርካለም አብራ ገባች። በሩ ተዘጋ። ውጭ የቀሩት ጎረምሶቹ፣ ደባሱ፣ አዝመራውና አልጋው ናቸው። ሐኪሙ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን እንደሚያደርጓት፣ ልጁ በእጁ በኩል ለመውጣት እየሞከረ መሆኑን፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ግን ለመናገር ያስቸግር እንደነበር ተናግሮ ተመለሰ። አዝመራው «እሺ» አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ደባሱም አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጎረምሶቹም ወዲያ ጫፍ። አልጋው ሁሉንም ቻለ። ጥቂት እንደቆዩ ዘበኛው መጣ።

«እዚህ አልጋ ማቆም አይቻልም» አላቸው።

«ሆስፒታል አይደለም እንዴ?» አሉት ደባሱ።

«የራሱ አለው» አለ ዘበኛው። ቆሞ ሲያያቸው ግን አዝመራው ሁለቱን እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀብሮ ዓይኑን ከተዘጋው በር እንዳልነቀለ አየ። «በሉ ወደ ጥላው አስጠጉት» ብሎ ሄደ።

ደባሱ ጃንጥላቸውን ሁለት ጊዜ ዘርግተው አጠፉት። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዝመራው፣ እኔ በበኩሌ ምንም የምለው የለኝም። ልጅ በረከት ነው። ነገር ግን አማቾቼን ታውቃቸዋለህ። ቄስ ናቸው። ሴት ያማጠችበት አልጋ ለሙሽራ ገባ ቢባል… ደግሞ ያላየ ሰው የለም። ቅዳሜ ቀን! አንተ ሰው፣ ፍየሉም አይቷል።» አዝመራው ገባው፤ አልተከራከረም። ሌላ አልጋ ለነገ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ኮሶውም አልቋል። የደባሱ ስልክ ጮኸ፤ አንሥተው «አዎ፣ መንገድ ላይ ነን» አሉና ዘጉት። ከዚያም እንደገና በሩን ማየት ቀጠሉ። ሠርግ ያለበት ሰው ናቸው፤ ሂዱ ያላቸው የለም፣ ተቀመጡ ያላቸውም የለም፤ ግን አልሄዱም።

ሰርካለም ስትወጣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ነበር። ከበሩ ላይ ቆማ እልል አለች፤ ዘበኛው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ አላት፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እልልታዋን ጨረሰች። ሴት ልጅ ናት። እናቲቱም ደህና ናት፤ ደም ፈሷታል ግን ደህና ናት። ደባሱ ተነሥተው «እንኳን ማርያም ማረቻት!» እያሉ ጎረምሶቹን አንድ በአንድ ጨበጧቸው፤ አዝመራውን ሁለት ጊዜ። አዝመራው እንደተቀመጠ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ሰርካለም ሌላ ጊዜ ቢሆን አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን የደባሱን ፊት አየች፤ ነገሩ ቶሎ ገባት።

«የኛን ይውሰዱ» አለች።

«የናንተን ምን?»

«አልጋችንን። የጥድ ነው፤ እሱ ነው የሠራው፣ ስንጋባ። ትንሽ ቢወለወል አዲስ ይመስላል።»

አዝመራው እጁን ከፊቱ ላይ አነሣ። ሰርካለም አላየችውም። ደባሱ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ። «አራስ ተኝቶበት ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። ሰርካለም ልጇን ንጋትን የታረሰችው በዚያው አልጋ ላይ ነው። «ማንም አላየም» አለቻቸው። ደባሱ ይህንን ጥቂት መዘኑት። «እንግዲያው ንጹሕ ነው» አሉ፤ ጎረምሶቹን አስነሡና ጃንጥላቸውን አንሥተው ቀደም ብለው መንገድ ገቡ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። «የት ልንተኛ ነው?» አላት። «ግድግዳውን ነቅለኸው የለ፤ ቦታማ ሞልቷል» አለችው። አዝመራው የአልጋውን ጎን በእጁ ዳበሰ። እርጥበቱ ሊደርቅ ተቃርቧል፤ ቫርኒሹ አልተነካም። «አልጋው ያንቺ ነው በያት» አለ። ሰርካለም አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፤ ቆይታ ተመለሰች። «ቤቴ አይገባም ይላሉ። ከመደቡ እስከ ምሰሶው ጠባብ ነው ይላሉ» አለችው። አዝመራው ከኪሱ ሜትር አወጣ፤ ከሱ ጋር ብርጭቆ ወረቀቱም ወጣ። «ስንት ክንድ ይሆናል በያት?» አለ።

ሰርካለም አልተንቀሳቀሰችም። ማለዳ ተነሥታ ሽንኩርት የላጠች፣ በቁልቁለቱ የሮጠች፣ የሐኪሙን ደም የነካ ልብስ ያየች፣ አልጋዋን የሰጠች ሴት ናት። «ራስህ ጠይቃት» አለችው። «እኔ ደክሞኛል። ስንት ዓመት ተመላለስሁ፤ አሁን ደግሞ እቤት ሄጄ የማስረክበው አልጋ አለኝ።» ይህን ብላ ሄደች። አዝመራው እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ተከተላት፤ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ፤ አልተመለሰችም።

ሥራ ያልያዘ እጅ ስለማይወድ አልጋውን መፍታት ጀመረ። ሽብልቆቹን በድንጋይ እየመታ አወጣ፤ ራስጌውን፣ ግርጌውንና ጎኖቹን ለየ፤ ርብራቡን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ወስዶ አጠበው። ዘበኛው እንጨቱን በጥፍሩ ነካ አድርጎ «ኮሶ ነው?» አለው። «ኮሶ ነው።» «የት ተገኘ?» አዝመራው ውኃውን ዘጋ። «እናታችን ግቢ» አለ። ጥላው ረዝሞ፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ በኩል የሠርክ ጸሎት ደወል ሲሰማ፣ አንዲት ነርስ ወጥታ የአመተ ሥላሴ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እሱ ወዲህ ወዲያ አየ። ሌላ ሰው አልነበረም። «እኔ ነኝ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ብዙ እናቶች ተኝተዋል፤ ወንድ በመግባቱ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። አመተ ሥላሴ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ልጅቷ ከጎኗ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። አዝመራው ከአልጋው ግርጌ ቆመ። ሜትሩን እንደያዘ መሆኑን ያወቀው አሁን ነው፤ ወደ ኪሱ ሊመልሰው ሲል ጠቅ ብሎ ተዘጋ፤ አንዲት እናት ዞራ አየችው።

«እትዬ» አለ።

አመተ ሥላሴ ልጅቷን እያየች ነበር። አላቋረጠችም።

«አልጋው አይገባም ብለሻል አሉ። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ስንት ላሳጥረው?»

ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው የምግብ ሳህን ጥሎ ይሰበስባል። ልጅቷ አፍንጫዋን ነፋች፤ መልሳ ተኛች።

«ያኔም እንዲህ ብትጠይቀኝ» አለች አመተ ሥላሴ፣ «ውሰደው እልህ ነበር።»

አዝመራው አፉን ከፈተ። ስለ መበስበስና ስለ ምስጥ ያዘጋጀው መልስ ሁሉ እዚያው ነበር፤ ከአፉ ግን አልወጣም። ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ። እሷም የመጣላትን ሁሉ ልትናገር ትችል ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አትቁረጠው» አለችው። «አረጋ መደቡን ያፈርሰዋል።»

«መደቡን?»

«ያፈርሰዋል አልሁህ።»

የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ፤ በክፍሉ ውስጥ ወንበር አልነበረም። ለመሄድ ቸገረው፣ ለመቆምም ቸገረው። አመተ ሥላሴ አየችው። የማደንዘዣው መርፌ ገና አሁን የለቀቃትን እግሯን በብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሰበሰበችለት።